ድሬዳዋ ለምትሄደው ልጄ፦ ስለ መጻሕፍትና ስለ «ባዶ ቦታ»

ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

አንቺና እናትሽ ጓዳ ገብታችሁ በርበሬና ሽሮ ትቋጥራላችሁ፤ እኔ ሳሎን ጥግ ይዤ ይህን እጽፋለሁ። ዛሬ የጥቅምት መድኃኔዓለም ነውና ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ኤድና ሞል ያለው መንገድ ነጠላ ለብሶ ነው የዋለው። አሁን መሽቶ ሰዉ ቀለል ብሏል፤ የሚሰማኝ የመኪና ጥሩምባና የእናንተ ክርክር ብቻ ነው። እናትሽ ሻንጣው ከበደ ብላ መጻሕፍቱን ልታወጣ ስትል ሰምቼ «በርበሬው ይቀነስ!» ብዬ ጮኬያለሁ። መልስ አልተሰጠኝም።

በቃል የማልነግርሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስናወራ እኔ ነገር አረዝማለሁ፣ አንቺ ስልክሽን ትነካኪያለሽ። ደብዳቤውን ግን ባቡሩ ላይ ታነቢዋለሽ። ከለቡ እስከ ድሬዳዋ መንገዱ ረጅም ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል።

የምጽፍልሽ ስለ ንባብ ነው። የከተማ ፕላን ተምረሽ ጨርሰሻል፤ ሕንፃ ኮሌጅ ያስተማረሽን እኔ አልደግመውም፣ ልድገመው ብልም አልችልም። እኔ ቀያሽ ነበርኩ። ችካል ስተክል፣ ሜትር ስስብ፣ ወረቀት ላይ መስመር ሳሰምር ጡረታ የደረስኩ ሰው ነኝ። ታሪክና ኢኮኖሚክስ ያነበብኩት በማታ ነው፤ አብዛኛውን በተውሶ፣ አንዳንዱንም ሳይገባኝ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ያለዚያ ለምን እነዚህን መጻሕፍት እንደመረጥኩ አይገባሽም።

በ1998 ዓ.ም. ከሰሚት ወዲያ፣ ወደ ጎሮ በሚወስደው በኩል አንድ ቦታ እንድንቀይስ ተላክን። ያ አካባቢ ያኔ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። ቴዎዶላይቱን አቁመን ችካል መትከል ስንጀምር ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች ሴት ከማሳው መሐል ወደ እኛ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንዱን ችካል ነቅላ በእጇ አገላብጣ አየችውና «ይቺ እንጨት በዓመት ስንት ኩንታል ታወጣለች?» አለችኝ። ረዳቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ችካሉን መልሳ ሰጠችን፤ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሰን መታነው።

ማታ ቢሮ ገብቼ ቅጹን ስሞላ «ነባር የመሬት አጠቃቀም» የሚል ዓምድ ነበረው። ምርጫዎቹ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ኢንዱስትሪ፣ መንገድ፣ ባዶ ነበሩ። ጤፍ የሚል የለም። «ባዶ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ጫማዬ ላይ የማሳው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።

ሴትዮዋ ካሳ ተነፍጋ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ይል ነበር። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። ያን ቀን ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ልጅ 10 ዓመት ሆኖት ከነበረ ዛሬ 30 ሞልቶታል። የአዋጁ አሥር ዓመት ካለቀ ሌላ አሥር ዓመት ተቆጥሯል። መሬቱ ላይ አሁን ፎቅ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የትኛው ችካል የት እንደነበር በግምት አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስከፍት አስቀድሜ የምፈልገው ያንን ዓምድ ነው። ጸሐፊው ምኑን «ባዶ» ብሎ አለፈ? ይህን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ከሄድሽ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ብትጥዪውም አልቀየምሽም።

ከሻንጣው አናት ላይ ያለው የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የምትሄጂበት ከተማ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ነበርና መጀመሪያ እሱን አንብቢ። አድዋ አካባቢ የተወለደ ልጅ ነው። ገና በሕፃንነቱ ምጽዋ ወደብ ላይ የጀርመን መርከብ ሊያይ ገብቶ መርከቡ ይዞት ሄደ፤ ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እጅ ገብቶ አደገ፣ ተማረ። አገሩ ተመልሶ ከባቡሩም ከጉምሩኩም ሠራ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ነው። አንቺ አሁን 26 ነሽ። እሱ በአንቺ ዕድሜ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ፣ ግብር በገንዘብ ይሁን፣ ጉምሩክ ሥርዓት ይያዝ እያለ ይጽፍ ነበር።

የሚለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ቀን የደከመበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ ጥቂት ሰዓት የተደከመበትን የተሠራ ዕቃ ይወስዳል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥር ድህነቱም ይሰፋል። ይህን ሐሳብ የላቲን አሜሪካ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ስም ያነሱት እሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቋንቋው ነው። ኢኮኖሚክስ የሚባለውን ትምህርት በአማርኛ የጻፈ ሰው ከፊቱ አልነበረውም፤ ገበያና እርሻ በሚያውቃቸው ቃላት ነው የጻፈው። እኛ ዛሬ «የማክሮ ኢኮኖሚ መዛባት» የምንለውን እሱ ገበሬ እንዲሰማው አድርጎ ይለው ነበር። መሥሪያ ቤትሽ ሪፖርት ጻፊ ሲልሽ አንድ ገጽ ከእሱ አንብቢና ጀምሪ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ዕውቀት የሚላት የአውሮፓን ዕውቀት ነው፤ ግመል አርቢው ስለ ዝናብና ስለ ሣር የሚያውቀው እንደ ዕውቀት አይቆጠርለትም። ዓይኑ ኬላ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን አጥርቶ ያያል፤ በኬላው የማያልፈው አይታየውም።

ይህን ጉድለት ማወቅ ድሬዳዋ ላይ ይጠቅምሻል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ የደረሰው ሐረር ሊሄድ ፈልጎ ተራራው አልወጣ ብሎት ነው። ከተማዋም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። የከዚራ ሰፈርን ቀጥ ያሉ መንገዶች ስታዪ ደስ ይልሻል፤ የፕላን ሰው የሳላት ናት። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ስትገቢ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱን የሠራው የሰው እግር ነው። ለአዲስ ሰው ሁሉ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ድሬዳዋ ባዶ ሜዳ ላይ የተመሠረተች ናት» ይሉሻል። በኦሮምኛም በሶማልኛም የየራሷ ስም ያላት ቦታ እንዴት ባዶ ትሆናለች? ሜዳው ላይ የሚሰማሩት ግመሎች የማን ነበሩ? የከተማዋ ታሪክ ጣቢያው ከቆመበት ቀን የሚጀምረው ለባቡር ኩባንያው እንጂ ለሌላው አይደለም።

ደቻቱም እንዲሁ። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ካርታ ላይ ብታስቀምጪው «ክፍት ቦታ» ከማለት ሌላ ቃል የለሽም። በ1998 ክረምት፣ እኔ ጎሮ ላይ «ባዶ» ብዬ በሞላሁበት ዓመት፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሥራ በጀመርሽ በመጀመሪያው ሳምንት ወንዙ ዳር የሚኖሩ አሮጊት ፈልጊና ውሃው የት ድረስ እንደመጣ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩሽ። ያ ምልክት የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ነው። ስለሱ ብዙ አልልሽም፤ ክፍል ውስጥ ሳትሰሚው አልቀረሽም። ረጋ ያለ መጽሐፍ ነው፣ አይጮህም። ዛሬ በየስልኩ ታሪክ የሚባለው ሁሉ ጩኸት ሆኗልና ለጆሮሽ ማረፊያ እንዲሆንሽ ነው የጨመርኩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከእንግሊዝኛው ጋር እያመሳከርሽ ስታነቢ የዓመተ ምሕረቱን ልዩነት አትርሺ። እኔ አንድ ጊዜ በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ተምታትቶብኝ አንድን አዋጅ ከመታወጁ በፊት ሥራ ላይ ያዋልኩበት ማስታወሻ ጽፌ ቢሮው ሙሉ ሲስቅብኝ ከርሟል።

ሦስተኛው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1998 ያሳተመው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ ልጅ ሆኖ ሩሲያ ሄዶ የመድፈኛ ትምህርት የተማረ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ፣ ጄኔቭ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተከራከረ ሰው ነው። አንቺ ግን ይህን ሁሉ እለፊና ጨርጨርን ሲገዛ አሰበ ተፈሪን እንዴት እንደቆረቆረ አንብቢ። ከተማ ለመሥራት ወረቀት ላይ መስመር ማስመር ብቻ እንደማይበቃ፣ ሰውን ማግባባት፣ ሹምን መለመን፣ አንዳንዴም መኰራረፍ እንዳለበት ታዪበታለሽ። ለእረፍት ስትመጪ ባቡሩን ተዪና በአውቶቡስ በጭሮ በኩል ነዪ። ጭሮ ማለት ያቺው አሰበ ተፈሪ ናት። መጽሐፉን ይዘሽ ወርደሽ አንድ ሰዓት ተዘዋወሪባት። የራስን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ራሱን መውቀስ አይወድምና የተክለ ሐዋርያት ጠላቶች ሁሉ ክፉዎች፣ ውሳኔዎቹ ሁሉ ትክክል መሆናቸውን ግን በፈገግታ ተቀበዪው።

«ዝክረ ነገር»ን አላስያዝኩሽም። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል መጽሐፍ ነው፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመ። የእኔ ቅጂ ጀርባው ተገንጥሏል፣ ደግሞም ከቤት እንዲወጣ አልፈልግም፤ ስስታም በዪኝ። ስትመለሺ ወይ እዚህ ወይ ወመዘክር ሄደሽ ታነቢዋለሽ። የመሬት ስሪቱን፣ ግብሩን፣ ሹመቱን፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ ሁሉ ሰብስቦ የያዘ ጎተራ ነው። የእኔ የሙያ አያት እዚያ ውስጥ አለ። ከቴዎዶላይት በፊት መሬት የሚለካው በቀላድ ነበር፤ በገመድ ማለት ነው። ቀላድ ጣዩ ማሳ ላይ ገመዱን ይዘረጋል፣ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ ይመደባል፣ ግብሩ በዚያ ይቆረጣል። እስቲ አስቢው። «ለም» እና «ጠፍ» በሚባሉት ሁለት ቃላት መካከል የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ይተኛል፤ ቃሉን የሚመርጠው ደግሞ ገመድ የያዘው ሰው ነው። ገመዱ ጠበቅ ወይም ላላ ተደርጎ ሲያዝ ስንት ክንድ እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የያዝኩት መሣሪያ ከገመድ ይልቅ ትክክለኛ ነበር። ቃሉ ግን ያው ከእኔ እጅ ነው የወጣው።

የከተማን መሬት ነገር ለመረዳት ደግሞ መጽሐፍ ሳይሆን አዋጅ አንብቢ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የ20 ዓመት ወጣት ነበርኩ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ያቺ የመቶ ብር መስመር ስንቱን የአዲስ አበባ ሰፈር መልክ እንደሰጠችው ገና በቅጡ የጻፈው የለም። የቀበሌው ቤት ኪራይ ባለበት ቆመ፣ ጣሪያው ግን አልቆመም፤ አፈሰሰ፣ ዛገ፣ ዘመመ። ዛሬ «ያረጀ ሰፈር» ተብሎ ሲፈርስ የምታዪው በዚያ ሒሳብ ያረጀ ነው። ከዚያ በኋላ በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 እንደገና። አዋጅ አሰልቺ ነው የሚል ሰው ቤት ተከራይቶ አያውቅም።

አራተኛው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ፎቶ ኮፒ። የአማርቲያ ሴን «ድህነትና ረሃብ»፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ። ሕንዳዊው ሊቅ የቤንጋልን ረሃብ በልጅነቱ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ከመጽሐፉ አንዱ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ስለ ወሎ ረሃብ ነው፤ ስለ 1965 እና 66። እኔ ያን ረሃብ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ጃንሆይ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ ምሽት አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ሲታይ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። በየመሐሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተቀላቀለ ይታያል። ማንም ብርጭቆውን አላነሳም። ለዓመታት በልቤ የያዝኩት ማብራሪያ አንድ ነበር፦ ድርቅ መጣ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ።

ሴን ግን ቁጥሩን ይዞ ደሴ ገበያ ይወስድሻል። ረሃቡ በጠናበት ጊዜ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። እንዴት ይሆናል? ገበሬው የሚበላውም የሚሸጠውም ያው የራሱ ምርት ነው፤ ምርቱ ሲጠፋ እህሉ ብቻ ሳይሆን መግዣውም ጠፋ። ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለማይቆጠር ዋጋ አያስወድድም። ነጋዴው ከተራበው ሰው ፊት እህሉን ጭኖ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል፤ ገበያው በራሱ ሕግ ትክክል ሠርቷል። ይህን ገጽ ሳነብ ያቺ የጎሮዋ ሴት ትዝ አለችኝ። ገበያውም ቅጽ አለው ማለት ነው፤ እሱም «ባዶ» የሚል ዓምድ አለው።

ሴንን ስትጨርሺ የመስፍን ወልደ ማርያምን የገጠር ተጋላጭነትና የረሃብ ጥናት ፈልጊ። መስፍን ጂኦግራፈር ነበሩና ሰማዩን በማየት ይጀምራሉ ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ እሳቸው ግን ዝናብ ከመቅረቱ በፊት ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረው ማን ነው ብለው ነው የሚጠይቁት። የደሳለኝ ራህመቶ የአምባሰል ጥናት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የተራበው ሰው ራሱ ምን አደረገ፣ ምን ሸጠ፣ ምኑን መጨረሻ ድረስ አልሸጥም አለ፣ ወዴት ተሰደደ የሚለውን ከታች ሆኖ ያያል። እሸቱ ጮሌንም ብታገኚ አትለፊው፤ ጽሑፎቹ ከሞተ በኋላ በአንድ ቅጽ ተሰብስበዋል። የሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ግን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም፤ ዋጋ፣ ሚዛን፣ ስፍር፣ ቀረጥ ስትፈልጊ የምትገልጪው የጓዳ ሙዳይ ነው።

«ታዲያ ስለ ከተማ የሚያወሩት ፈረንጆች የታሉ?» ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ብቻ እሰጥሻለሁ። አንዷ ጄን ጃኮብስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት የጻፈች። የፕላን ዲግሪ የላትም፤ ኒው ዮርክ የምትኖርበትን መንገድ በመስኮቷ እያየች፣ ባለሱቁ ስንት ሰዓት ይከፍታል፣ ሕፃናቱን ማን ዓይን ይጥልባቸዋል ብላ ነው የጀመረችው። ሌላው ጄምስ ስኮት ነው፤ «እንደ መንግሥት ማየት» ይለዋል መጽሐፉን። ስለ ካዳስተር፣ ማለትም ስለ መሬት ይዞታ መዝገብ፣ የጻፈውን ሳነብ ሰውየው ቢሮዬ ገብቶ መሳቢያዬን የከፈተ መሰለኝ። የእኛው የመንደር ምሥረታም ውስጡ አለ። መንግሥት ቀጥ ያለ መስመር የሚወደው ከሩቅ ስለሚታየው ነው ይላል። እውነት ነው፤ እኔም ቀጥ ያለ መስመር እወዳለሁ፣ ለመለካት ይቀላል።

ግን በጃኮብስ ብቻ ተሞልተሽ እንዳትመጪ። እዚሁ ሰፈራችን ላይ አመሳክሪያት። ያ የኮሪደር ልማት የሚባለው መጥቶ ከኤርፖርት እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ሲያሰፋ ከሚያማርሩት አንዱ ነበርኩ። አሁን ጉልበቴ ሳያመኝ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ እሄዳለሁ፤ ማታም መብራት አለ። ይህን ካልመሰከርኩ ዋሽቻለሁ። ሆኖም በመድኃኔዓለም አጥር ጥግ በቆሎ እሸት እየጠበሰች የምትሸጠው ሴትዮ የለችም። ፕላስቲክ አንጥፎ መጽሐፍ የሚሸጠው ልጅም የለም፤ ጳውሎስ ኞኞን በግማሽ ዋጋ የሰጠኝ እሱ ነበር። የት ሄዱ? ጃኮብስን ብትጠይቂያት የመንገዱ ዓይን ጠፋ ትልሻለች። የመንገድ መሐንዲሱን ብትጠይቂው ሰው በደህና ያልፋል ይልሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የበቆሎዋን ሴትዮ አዲስ አድራሻ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

ገርጂም አንድ ቀን በእግርሽ ሄደሽ የነበረ ይመስለኛል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሙከራ የተጀመረው እዚያ ነው፤ በጀርመኖቹ ጂቲዜድ ድጋፍ፣ በ1996 እና 97 ግድም። ጓደኞቼ ከተለያየ ሰፈር በዕጣ ወጥቶላቸው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት ከብሎኩ ጎን አሠርተዋል። ሂጂና ስንቱ ዛሬም ለዚያ እንደሚያገለግል፣ ስንቱ መጋዘን ወይም ሱቅ እንደሆነ ቁጠሪ። ይህ አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከሦስት መጽሐፍ ይበልጣል።

ትንሽ የአባት ነገር ልጨምር። የፖላንዱ ካፑሽቺንስኪ ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የጻፈውን መጽሐፍ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይጠቅስልሻል። አንብቢው፤ ያስቃል፣ ያሳዝናል፣ በደንብ የተጻፈ ነው። ታሪክ ነው ብለሽ ግን ማስረጃ አታድርጊው። «በሠላሳ ቀን ሚሊየነር» የሚሉትን ትርጉሞች ደግሞ ካንቺ መደርደሪያ ላይ አይቻለሁ፤ ዝም ያልኩት እናትሽን ፈርቼ ነው። በቴሌግራም የሚለቀቀውን ፒዲኤፍም አውቀዋለሁ። የሞተ ሰው መጽሐፍ ከሆነና ከገበያ ከጠፋ ይሁን፤ በሕይወት ያለ ደራሲ ግን ምሳ ይበላል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል፣ ግዢው።

ስታነቢ እርሳስ ያዢ። ቁጥር ስታገኚ ማን ቆጠረው፣ ለምን ቆጠረው ብለሽ ዳሩ ላይ ጻፊ። ይህን ዝርዝር ጽፌ ስጨርስ እኔም በራሴ ሕግ መረመርኩት፤ ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ሴቷ አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም አሜሪካዊት። ከተማውን የሚያበላው ጉሊት፣ እንጀራ ሻጯ፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ፣ ባልቴቷ አከራይ በእኔ መደርደሪያ ላይ የሉም። የተጻፈ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልፈለግሁት። ይህ የእኔ «ባዶ» ዓምድ ነው፤ አንቺ ሙዪው።

አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥም ቅጽ ይሰጡሻል። ቅጹ ጥያቄሽን የማይችል ሲሆን ከታች በኩል «ምርመራ» የምትል ጠባብ ቦታ አትጠፋውም። እኔ ሰላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳልጽፍባት ነው ያለፍኩት። አለቃ ላያነባት ይችላል፤ አንቺ ግን ያየሽውን ጻፊባት፣ ቀኑንም ጨምሪ፣ አንድ ቅጂም ለራስሽ አስቀሪ።

እናትሽ እየጠራችኝ ነው፤ ሻንጣው አልዘጋ ብሏችኋል መሰለኝ። መጻሕፍቱን እንዳታስወጣ በላያቸው ላይ ሹራብሽን አልብሺያቸው፤ ለነገሩ ድሬዳዋ ሹራብ አያስፈልግም። ደርሰሽ ቤት ስትከራዪ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ በስልክ አይሆንም፣ በወረቀት። ኪራዩን፣ የአንድ ጀሪካን ውሃ ዋጋ፣ ደቻቱ ዳር ያገኘሻቸውን አሮጊት የግድግዳ ምልክት በክንድ ለክተሽ ስንት እንደሆነ አሳውቂኝ። ካርታዬን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።

አባትሽ